ባሮ ዳር ቤት ሲሸጥ፣ ምንድን ነው የሚሸጠው?

እስቲ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ናችሁ እንበል። ከባሮ ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያጠላበት አንድ ግቢ አለ። ቤቱ ባለ ሦስት ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል።

የቤቱ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን ለዚህ ጽሑፍ እኛ ስለፈጠርናቸው «እትዬ» እያልን እንጥራቸው። ልጆቻቸው ጅማ ሄደው ሥራ ይዘዋል፤ እሳቸውም እዚያው ለመጠቃለል አስበዋል። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ የለም። ሃያ ዓመት የለፉበት ሁሉ ያለው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው።

አሁን ችግር ገጥሟቸዋል። ጎረቤታቸው «ከ2 ሚሊዮን ብር በታች እንዳትሸጪ» ይሏቸዋል። ደላላው «1.5 ሚሊዮን ካገኙ ዛሬውኑ ይጨርሱ» ይላል። ቤቱን ሊያይ የመጣው ገዢ ደግሞ ግድግዳውን ዝቅ ብሎ እያየ «ከ1 ሚሊዮን አላልፍም» ብሏል። አንድ ቤት፣ ሦስት ዋጋ። ከመካከላቸው አንዱ ዋሾ ነው ማለት ነው?

አይደለም። እንዲያውም ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እንዴት እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ መመለስ አለብን፤ ቤት ሲሸጥ በእርግጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

መሬት አይሸጥም፤ ታዲያ ምን ይሸጣል?

«ቤትና ቦታ ሸጠ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። በሕግ ግን ቦታው አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት እንደሆነና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ደርግ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረውም ተከለከለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ብዙ ነገር ሲቀየር የመሬቱ ጉዳይ ግን ባለበት ቀጠለ።

ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ 40 ሌላም ነገር ይላል። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ የሠራው ቤትና ያደረገው ቋሚ መሻሻል የራሱ ነው። ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያወርሰዋል። ስለዚህ እትዬ የሚሸጡት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አጥሩ፣ የተከሉት ማንጎ ነው። ሁለተኛው በዚያ ቦታ ላይ የመጠቀም መብት ነው።

«እሺ፣ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ገዢው እንደሆነ ግቢው ውስጥ ይኖራል» ልትሉ ትችላላችሁ። ልዩነቱ የሚታየው ዋጋው ላይ ነው። የመጠቀም መብት የጊዜ ገደብና ግዴታ አለው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ደግሞ «ነባር ይዞታ» ይባላል። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ለልጅ ቢተላለፍ ቦታው እንደነበረው ይቀጥላል። በሽያጭ ቢተላለፍ ግን አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥርዓት ይሆናል።

ይህችን ልብ በሉልኝ። ገዢው ለእትዬ ከሚከፍለው ሌላ ለወደፊቱ የሚጠብቀው የሊዝ ክፍያ አለ ማለት ነው። አስተዋይ ገዢ ያንን ወጪ አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ቤቶች ካርታቸው ላይ በተጻፈች አንዲት መስመር ብቻ ዋጋቸው ሊለያይ ይችላል።

ጋምቤላና ሊዝ፣ የቆየ ትውውቅ

ሊዝ የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን አዲስ ይመስላል። ለባሮ ዳርቻ ግን አዲስ አይደለም። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ስምምነት ሲፈራረሙ አንዱ አንቀጽ ስለ ባሮ ነበር። በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን አስተዳደር በኪራይ እንዲሰጥ ይላል። ጣቢያው በመጨረሻ የተቆረቆረው ዛሬ ጋምቤላ ከተማ ባለበት ነው።

ለምን እዚህ? ባሮ መርከብ የሚያስሄድ ወንዝ ስለሆነ ነው። ወንዙ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ላይ ይተኛል። ከዚያ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ክረምት ላይ ውኃው ሲሞላ ከካርቱም የተነሳች የእንፋሎት መርከብ እስከ ጋምቤላ ትደርስ ነበር። ቡና ይወጣል፤ ጨውና ጨርቅ ይገባል። በጋ ላይ ውኃው ሲጎድል መርከቧም ትቀራለች፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል።

ስምምነቱ ላይ ቦታው አልተሸጠም። የኪራዩ ዘመን የተወሰነው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ተብሎ ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ፤ ቦታውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ቦታውን ሳይሸጡ የመጠቀም መብትን ብቻ ለጊዜው ማስተላለፍ እንደሚቻል ባሮ ዳር ከ120 ዓመት በላይ የታየ ነገር ነው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን በአካባቢው መሬት በግለሰብ ስም እየተቆረሰ የሚሸጥ ሸቀጥ አልነበረም። አኝዋኮች ወንዝ ዳር ሰፍረው፣ ጎርፉ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ። ኑዌሮች ደግሞ ከብቶቻቸውን ይዘው በክረምት ወደ ከፍታ ቦታ፣ በበጋ ወደ ወንዝ ይንቀሳቀሳሉ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለቱንም ሕዝቦች ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኤቫንስ ፕሪቻርድ ይህን የውኃና የሰው አብሮ መንቀሳቀስ በዝርዝር ጽፎታል። በዚያ አኗኗር «ይህ ቦታ ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው ጥያቄ «ውኃው መቼ ይደርሳል?» የሚለው ነው። እንደምናየው፣ ሁለተኛው ጥያቄ ዛሬ የመጀመሪያውን ይመልስልናል።

ሦስቱ ዋጋዎች ከየት መጡ?

አሁን ወደ እትዬ ቤት እንመለስ። ቤቱ ቢከራይ በወር 10,000 ብር ያወጣል እንበል። (ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው የመረጥናቸው፤ ስሌቱን ግን በየትኛውም ቤት ላይ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።) በዓመት 120,000 ብር ነው።

ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ወደፊት በየዓመቱ የሚያገኘውን ጥቅም ነው የሚገዛው። ቢያከራየው ኪራይ ያገኛል። ቢኖርበት ደግሞ ለሌላ ሰው ከመክፈል ይድናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገዢ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ «ገንዘቤ በዓመት ስንት በመቶ ይመልስልኛል?» ብሎ ያሰላል።

ጎረቤትዬው «6 በመቶ ቢመልስ በቂ ነው፣ የቤት ዋጋም ራሱ ይጨምራል» ብለው ያስባሉ። 120,000ን ለ0.06 ስናካፍል 2 ሚሊዮን ይመጣል። ደላላው ገዢዎቹን ያውቃል፤ «8 በመቶ ካልመለሰ አይገዙም» ይላል። 120,000ን ለ0.08 ስናካፍል 1.5 ሚሊዮን ነው። አያችሁ? ሁለቱም ያዩት ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ኪራይ ነው። የተለያዩት በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህን ዘዴ ኪራይን ወደ ዋጋ መለወጥ ይሉታል።

ኪራዩ ራሱስ ከምን ይመጣል? ከፈላጊው ብዛት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጋምቤላ ከተማ 39,000 ገደማ ነዋሪ ነበራት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ወደ ክልሉ ገቡ፤ የስደተኞቹ ቁጥር ከ300,000 በላይ ደርሷል። ስደተኞቹ በአብዛኛው የሚኖሩት ከከተማው ውጪ ባሉ መጠለያዎች ነው። እነሱን የሚያግዙ ድርጅቶች ግን ቢሮ፣ መጋዘንና የሠራተኛ መኖሪያ የሚፈልጉት ከተማ ውስጥ ነው። ጄኔሬተር የሚያስገባ ሰፊ ግቢ፣ መኪና የሚያዞር በር፣ ጥሩ ኮርኒስ ያለው ቤት ከሌላው ይልቅ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች፣ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይዋ የምታነድ ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ያለ ኮርኒስ ጌጥ አይደለም፤ እንቅልፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። እንዲህ ዓይነት ፈላጊ እንደመጣ ሊሄድም ይችላል። የአንድ ትልቅ ድርጅት በጀት ሲቀነስ በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ግቢ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ዛሬ ያለውን ኪራይ ለዘላለም ይቀጥላል ብሎ አያሰላም።

የውኃው ሒሳብ

ሦስተኛው ሰው፣ 1 ሚሊዮን ያለው ገዢ፣ ለምን ግድግዳውን ዝቅ ብሎ አየ? የውኃ ምልክት እየፈለገ ነበር። ጭቃ ግድግዳ ውኃ ሲጠጣ ቡናማ መስመር ይተዋል።

ባሮ የሚሞላው ጋምቤላ ላይ በሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ጎሬና መቱ አካባቢ ያለው ደጋ ላይ የወረደ ዝናብ በገደልና በሸለቆ ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጋምቤላ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ወንዙ ከፍ ሊል ይችላል። ነሐሴና መስከረም ላይ ይበረታል። ከተማዋ የተቀመጠችው ደግሞ የጀጀቤ ወንዝ ባሮን በሚገናኝበት ቦታ ነው። ባሮ ሲሞላ ገባሩ መውጫ ያጣና ወደ ኋላ ይተኛል። ሜዳ ላይ አንድ ሜትር የከፍታ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን አልጋ ላይ በመተኛትና ጣሪያ ላይ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው።

ገዢው እንዲህ አሰበ። «ውኃው በአምስት ዓመት አንዴ ቢገባ፣ ግድግዳ መለሰን፣ በርና ዕቃ መተካት 200,000 ብር ያስወጣኛል። በዓመት ሲካፈል 40,000 ነው።» ከኪራዩ 120,000 ላይ 40,000 ሲቀነስ 80,000 ይቀራል። 80,000ን ለ0.08 ስናካፍል ስንት መጣ? ልክ 1 ሚሊዮን።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የጎርፉ ጉዳት 200,000 ብር ነው፤ የቤቱ ዋጋ ግን በ500,000 ወረደ። ለምን? ጎርፉ አንዴ መጥቶ የሚቀር ስላልሆነ ነው። ገዢው የሚገዛው ወደፊት የሚመጡትን ጎርፎች ሁሉ ጭምር ነው።

ሰዎች ግን ሁልጊዜ እንዲህ አያሰሉም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሃሪኬን ፍሎይድ የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ውስጥ ኖርዝ ካሮላይናን በጎርፍ ካጥለቀለቀ በኋላ ተመራማሪዎች የቤት ሽያጮችን ተከታትለው ነበር። ከጎርፉ ቀጥሎ ለአደጋ የተጋለጡ ቤቶች ዋጋ ወረደ። አምስት ስድስት ዓመት ሲያልፍ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ወንዙ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሰው ትዝታ ነው። ዝናብ ጥሩ ባልሆነባቸው ዓመታት ባሮ ዳር ቤት የሚገዛ ሰውም በዚሁ ወጥመድ ሊገባ ይችላል። «ጎርፍ እዚህ አይደርስም» የሚለው አባባል አንዳንዴ ትርጉሙ «ሰሞኑን አልደረሰም» ማለት ብቻ ነው።

ቤቱ ለምን ቶሎ አይሸጥም?

ጤፍ ገበያ ወስዳችሁ ብትሸጡ ዋጋውን ለማወቅ አትቸገሩም። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ብዙ፣ ጤፉም ተመሳሳይ ነው። ቤት እንዲህ አይደለም። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር፣ በዓመት የሚሸጡት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የተሸጡበት ዋጋም የትም አይለጠፍም። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋና በእጅ የተከፈለው አንዳንዴ ስለሚለያይ መዝገብ ማየቱም ብቻውን አይረዳም። እንዲህ ያለው ገበያ ቀጭን ገበያ ይባላል። በቀጭን ገበያ ውስጥ ዋጋ የሚታወቀው በመረጃ ሳይሆን በወሬ ነው፤ ደላላው ኃይለኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እሱ የሚሸጠው ቤት ሳይሆን መረጃ ነው።

ሌላም ችግር አለ። እትዬ ስለ ቤታቸው ገዢው የማያውቀውን ያውቃሉ። ምስጥ የትኛውን ምሰሶ እንደበላ፣ ውኃ የቱ ጋ እንደሚተኛ፣ ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር ይኑር አይኑር። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ችግር በያገለገሉ መኪናዎች ምሳሌ አስረድቷል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው ዝቅ ያለ ዋጋ ይሆናል። ያኔ ጥሩ መኪና ያለው ሰው «በዚህስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ውስጥ የሚቀረው መጥፎው ነው። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ኢኮኖሚስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ዘርፍ ባደረገው ሥራ ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ጥሩ ቤት ያለው ሰው መረጃ በመደበቅ አይጠቀምም፤ በማሳየት እንጂ። የሚደብቅ ሁሉ መጥፎ ቤት እንዳለው ተደርጎ ይገመታልና።

ከቀብድ እስከ ካርታ

ዋጋ ተስማሙ እንበል። ብዙ ሰው «አለቀ» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚሁ ጋ ነው።

መጀመሪያ ቀብድ አለ። ቀብድ እንዲሁ የመተማመኛ ሳንቲም አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በግልጽ ይናገራል። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እትዬ ከአንዱ 50,000 ብር ቀብድ ተቀብለው «ሌላ የተሻለ ገዢ መጣ» ብለው ሐሳባቸውን ቢቀይሩ 100,000 ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሁለተኛው ውሉ ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። ያው ሕግ በአንቀጽ 1723 ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግና መመዝገብ እንዳለበት ይናገራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም የያዘባቸው ውሳኔዎች አሉ። ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት ለባህሉ ክብር ነው፤ ብቻውን ግን ቤት አያድንም።

ሦስተኛው «ማን ነው የሚሸጠው?» የሚለው ነው። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው ላይ የአንዱ ስም ብቻ መኖሩ ይህን አይቀይረውም። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ፣ ሚኒሶታም ይሁን ጁባ፣ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናው «ቤቱን ለመሸጥ» የሚል ልዩ ሥልጣን የያዘ መሆን አለበት። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለቤት ሽያጭ አይበቃም።

አራተኛው ካርታው ነው። ገዢው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄዶ ካርታው እውነተኛ መሆኑን፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ አለመያዙን፣ የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን፣ ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ ካለም መጠኑን ያጣራል። የስም ዝውውር ሳያልቅ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ መክፈል ማለት ቁልፉን ሳይቀበሉ በሩን መግዛት ነው። ቦታው ላይ ግንባታ ያልተጀመረ ወይም ግማሽ ያልደረሰ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሊዝ አዋጁ ባዶ ቦታን አየር በአየር ሸጦ ማትረፍን ለመግታት ብሎ የዝውውሩን ትርፍ ገድቧል። በዚያ መንገድ ሻጩ ከከፈለው ሊዝና ካወጣው የግንባታ ወጪ ሌላ የሚደርሰው ከሊዝ መብቱ ዝውውር ዋጋ 5 በመቶው ብቻ ነው።

ግብሩስ? በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ ላይ የተጣለው ግብር 15 በመቶ ነው። ነገር ግን ከሽያጩ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ብቻ ሆኖ ያገለገለ ቤት ከዚህ ግብር ነፃ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው በ600,000 ብር የሠራውን ቤት በ1.5 ሚሊዮን ቢሸጥ ትርፉ 900,000 ነው። ሲያከራየው የነበረ ቤት ከሆነ ግብሩ 135,000 ይሆናል። ኖሮበት ከሆነ ምንም። ስም ሲዛወር ደግሞ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ከ1.5 ሚሊዮን ላይ 30,000 ማለት ነው። የደላላውን ኮሚሽን ሳንረሳ። ሕግ ሊሻሻል ስለሚችል ከመፈረም በፊት ገቢዎች ቢሮ ጎራ ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው።

«ለምን ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን አንጽፍም? ቀረጡ ይቀንሳል» የሚል ምክር መምጣቱ አይቀርም። ሕገወጥነቱን እንኳ ለጊዜው እንተወውና፣ ገዢው ምን ላይ እንደሚቆም አስቡ። 1.5 ሚሊዮን ከፍሎ ውሉ ላይ 500,000 ተጽፏል። ነገ ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝና ውሉ ቢፈርስ፣ በእጁ ያለው ማስረጃ የሚለው 500,000 ነው። 20,000 ለማትረፍ ሲሉ አንድ ሚሊዮን ላይ መወራረድ ነው።

ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ

ሽያጩ ሲያልቅ ሌላ ሩጫ ይጀምራል። ዋጋ በሚንርበት አገር ጥሬ ገንዘብ እንደ በረዶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ረጋ ያለ ዓመት ወስደን 20 በመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ 1.5 ሚሊዮን ብር ፍራሽ ሥር ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ የመግዛት አቅሙ ወደ 1.25 ሚሊዮን ይወርዳል። ስለዚህ እትዬ ጋምቤላ ያለውን ቤት ከመሸጣቸው በፊት ጅማ ላይ የሚገዙትን ማየት መጀመር አለባቸው። ሁለቱ ነገሮች በተራራቁ ቁጥር የሚቀልጠው ይበዛል።

ጅማ ደግሞ ከጋምቤላ የሚበልጥ ገበያ ነው፤ ገዢ ይበዛል፣ ዋጋም ይከብዳል። ከቀጭን ገበያ ወጥቶ ወደ ወፍራም ገበያ የሚገባ ሰው የሸጠበትን ያህል ቤት ላያገኝ ይችላል። የመመለሻው መንገድ ደግሞ ከመሄጃው ይጠባል።

እትዬ ምን ያድርጉ?

ሦስቱ ዋጋዎች መነሻቸው ምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ጎረቤትዬው ተስፋ ጨምረው አሰሉ። ደላላው ገዢዎቹን አይቶ አሰላ። ገዢው ውኃውን አይቶ አሰላ። ከሦስቱ ውስጥ እትዬ በእጃቸው ባለ ነገር ሊቀይሩት የሚችሉት ሦስተኛውን ነው።

ገዢው «በአምስት ዓመት አንዴ» ያለው ገምቶ ነው። እትዬ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖረዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ ውኃ የገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ያ በአሥር ዓመት አንዴ ማለት ነው። የዓመቱ ጉዳት 20,000 ይሆናል፤ ከኪራዩ ላይ 100,000 ይተርፋል፤ ለ0.08 ሲካፈል 1.25 ሚሊዮን ይመጣል። ውኃው የገባባቸው ዓመታት ተጽፈው፣ የደረሰበት ምልክት በግድግዳው ላይ ታይቶ፣ ጎረቤት ሲመሰክር፣ ያ ትዝታ 250,000 ብር ያወጣል። ከቤቱ ጋር አብሮ የኖረ፣ ማንም ደላላ ሊሸጠው የማይችል ሀብት ነው።

እናንተም ይህን መሞከር ትችላላችሁ። ባሮ ዳር ባትኖሩም ከእናንተ ሰፈር አጠገብ አንድ ወንዝ ወይም ቦይ አይጠፋም። አያታችሁን ወይም የሰፈሩን ትልቅ ሰው «ውኃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል? በየትኛው ዓመት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን ሄዳችሁ እዩ፤ ቁመቱን በሜትር ለኩ፤ ዓመቱን ጻፉ። አሥር ሽማግሌ ብትጠይቁ በእጃችሁ የሰፈራችሁ የጎርፍ ካርታ ይኖራል። ከዚያ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ካርቶን ስታዩ፣ በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት ዝቅ ብላችሁ ግድግዳውን እዩት።